ጤነኛውን ሞተር የፈታሁ ቀን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። በየዓመቱ በሁዳዴ ስናዘዝ መቆጣቴን፣ ጾም መግደፌን እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ዛሬ ለእናንተ ልናገር።

እኔ ማንም ሳያስተምረኝ መካኒክ የሆንሁ ሰው ነኝ። ከዳባት እስከ ሊማሊሞ ግርጌ ያለ ሾፌር ሁሉ መኪናው ሲታመምበት የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ በሽታውን እናገራለሁ። ዛሬም እኩያ የለኝም። ኃጢአቴም የበቀለው ከዚሁ ነው።

የእህል ነጋዴዋን የወይዘሮ ዘርፌን አሮጌ ፒካፕ የሚነዳው አያሌው የሚባል ቅጥር ሾፌር ነበር። ካርቡራተሯን ባጠብሁላቸው በሳምንቱ መኪናዋ ከጃናሞራ ስትመለስ ዳገት እምቢ አለች። ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ጉልበት የላትም። ደባርቅ ገበያ ዳር አቁመዋት አስጠሩኝ፤ ገበያተኛው ከበበን።

«ጋሼ፣ አየር ያጠራት ይመስለኛል፤ ታፍና ነው የምትሄድ» አለኝ አያሌው።

«ደባርቅ ላይ አየር የማያጥረው ማን አለ? አንተስ ዳገቱን በሩጫ ብትወጣ አታለከልክም?» ብዬ ሰዉን አሳቅሁበት።

ካቻቢቴዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዓይኔን ጨፈንሁ። ምን ሰማሁ? ምንም። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አላወቅሁትም» ማለት ለእኔ ሞት ነበር።

«የፒስተኑ ፋሻ፣ ቀለበቱ፣ አልቋል። ማርሽ ሳይቀንስ ዳገት እያስጨነቀ ሞተሯን ያቃጠላት እሱ ነው» አልሁ ወደ አያሌው እየጠቆምሁ።

ወይዘሮ ዘርፌ እዚያው ቁልፉን ከእጁ ተቀብለው ከሥራ አሰናበቱት።

ግቢዬ አስገብቻት ብቻዬን የአየር ቱቦዋን ስነቅል ውስጡ ጨርቅ አገኘሁ። ካርቡራተሯን ባወረድሁ ቀን አቧራ እንዳይገባ እኔው የወተፍሁት፣ እኔው የረሳሁት ጨርቅ ነው። አውጥቼ አስነሳኋት፤ ሞተሯ እንደ አዲስ አገሳ። አያሌው እውነቱን ነበር፤ ታፍና ነበር።

ሮጬ ልጠራው አልችልም ነበር? አያሌው ከግቢዬ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይታየኛል። እኔ ግን በሩን ዘጋሁ። ጤነኛውን ሞተር ፈታሁ፤ ጤነኛውን ፋሻ አውጥቼ አዲስ ከተትሁ። በአፌ የጀመርሁትን ውሸት በእጄ ጨረስሁት። መርሳትስ የሰው ነው፤ ይህን ግን አውቄ፣ ብሎን በብሎን ነው ያደረግሁት። መኪናዋ ሊማሊሞን እየዘፈነች ስትወጣ ከተማው አመሰገነኝ። እኔም ምስጋናውን ተቀበልሁ።

አያሌውን «ሞተር በላ» አሉት። መኪና የሚሰጠው ጠፋ። አሁን ዳባት በጋሪ ጆንያ ያመላልሳል።

አምና ለቀብር ዳባት ስሄድ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ አገኘኝ። ብድግ ብሎ መቀመጫውን ለቀቀልኝ። እኔም ተቀመጥሁ። ጥቂት እንዳወጋን፣ «ጋሼ፣ ያችን ሞተር እንዴት እንዳቃጠልኋት እስከ ዛሬ ይገርመኛል» አለኝ። አምኖኛል። ይህን ሁሉ ዓመት ራሱን ሲከስስ ኖሯል።

እኔስ ምን አልሁት? «አይዞህ፣ ሰው በስህተቱ ይማራል» አልሁት።

ይቅር በሉኝ አልልም። ስሙን ያጠፋሁት በገበያ መካከል ነው፤ ለነፍስ አባቴ ብቻ አንሾካሹኬ ብገላገል ስሙ አይመለስለትም። ስለዚህ ደባርቅም ዳባትም ያላችሁ ስሙ፦ አያሌው ያችን ሞተር አላቃጠለም። ሞተሯ ምንም አልነበረባትም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።