የአራሊ ስድስት መስመሮች

ካቱራሙን በጫካው ዳር ባሉት መንደሮች ሁሉ በስሙ የሚጠራው የለም፤ አራሊ እያልን በማቆላመጫው ነው የምንጠራው። ሃያ አንድ ዓመት ለጥናት ቺምፓንዚዎችን ተከትሏል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በየሩብ ሰዓቱ ደብተር አውጥቶ፣ የሚከተላት እንስሳ ምን እያደረገች እንደሆነ መጻፍ ነው። ከዓይን ከተሰወረች ደግሞ «አልታየችም» ብሎ መጻፍ። ይህቺ ቃል በአራሊ ደብተር ውስጥ የለችም። በባልደረቦቹ ደብተር ውስጥ ሲያገኛት ግን፣ «ዓይን የተሰጠህ ለጌጥ ነው እንዴ?» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ኩራቱ ልክ አልነበረውም፤ እኛም እያደነቅን አባባስንበት።

ያን ቀን ከዝናቡ በኋላ፣ ንጎንዚ የምትባለዋ እናት ቺምፓንዚ ልጇን አቅፋ ሾላ ላይ ወጣች። አራሊ ጉልበቱን ላሳርፍ ብሎ ግንድ ተደግፎ ተቀመጠ። እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ ዛፉ ላይ ማንም የለም። ሰዓቱን አየ፤ አሥር ሰዓት ሆኗል። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ ስድስት መስመር አልፎታል።

ንጎንዚን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃታል። በዚህ ሰዓት ሾላ ላይ ስትወጣ ምን እንደምታደርግ ከሚስቱ ጠባይ አብልጦ ያውቃል። ስለዚህ ጻፈ። ሾላ ትበላለች። ሾላ ትበላለች። ታርፋለች። ልጇን ታጠባለች። ስድስቱንም ሞላ።

በማግስቱ ማለዳ ንጎንዚ ከቅጠል መኝታዋ ስትወርድ ልጇ የለም። ከኮረብታው ማዶ ሌላ መንጋ ሲከተል የዋለው ባልደረባው ባሊንዳ ግን በደብተሩ ጽፏል፤ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እሱ የሚከተለው የጎረቤት መንጋ ወንዶች ንጎንዚን ከበው ልጇን ነጠቋት ይላል።

ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ኪሴምቦ፣ አኪኪ የምንላት፣ ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን ዘረጋች። በተማሪነቷ ዱካ መለየት ያስተማራት አራሊ ነው።

«ባሊንዳ፣ በዘጠኝ ተኩል ንጎንዚ ሾላው ላይ ሆና እያጠባች ነበር። አራሊ ሥሯ ነበሩ።»

«አይቻታለሁ፣ አኪኪ! ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።»

«ሌላ እናት ትሆናለች። ሳትለይ ስም አትጽፍም። እስቲ ለጊዜው ጫካውን ተወውና ችግኝ ጣቢያ ሥራ።»

አራሊ እዚያው ቆሟል። ተኝቼ ነበር ሳይል ፊቱን አዙሮ ወጣ። ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ነገር በሕይወቱ አድርጎ አያውቅም።

ባሊንዳ ተከትሎት ወጣ። አራሊ ሊሰድበኝ ነው ብሎ አንገቱን ደፋ።

«አራሊ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ባሊንዳ። «የንጎንዚን ጎዶሎ ጆሮ ያየሁ መስሎኝ እኮ ነው። እርስዎ እያጠባች ነበር ካሉ ግን ዓይኔ ነው የከዳኝ።»

ከዚያም ይዞት የወጣውን ደብተሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እውነተኛዋን መስመር ሊሰርዝ እስክሪብቶ አወጣ። አራሊ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እጁን ለቀም አድርጎ ያዘውና እየጎተተ ወደ ውስጥ ይዞት ተመለሰ።

«አኪኪ፣ ተኝቼ ነበር» አለ። «ስድስቱንም ከራሴ አውጥቼ ነው የጻፍኩት። እሱ ያለው ልክ ነው።»

ቁጣ ጠብቆ ነበር። ብትቆጣው ደስ ባለው። እሷ ግን ባሊንዳን ነገ ወደ ጫካ ተመለስ አለችውና ወደ አራሊ ዞረች።

«ሌላስ ቀን፣ አራሊ?»

«ሌላ ቀን ምን?»

የሃያ አንድ ዓመቱን ደብተር ከመደርደሪያው እያወረደች ፊቱ ቆለለችና ቀይ እስክሪብቶ አስጨበጠችው። «ያላዩትን ያስምሩልኝ። እኔ መለየት አልችልም።»

የመጀመሪያውን ገለጠ። ንጎንዚ ራሷ ጡት የምትጠባበት ዘመን ነው። ጽሑፉ ያምራል፤ አንድም ባዶ መስመር የለም። ሾላ ትበላለች። ታርፋለች። ጣቱን በየመስመሩ እያስኬደ ወረደ። ገጹን ገለበጠ፣ ሌላም ገለበጠ። የትኛውን አይቶ፣ የትኛውን እንዲያው አውቃለሁ ብሎ እንደጻፈው እሱም መለየት አቃተው።

አኪኪ ተመልሳ መጥታ «ስንት አገኙ?» ስትለው አንድም መስመር ያላሰመረበትን ቀይ እስክሪብቶ መለሰላት።