ከመጻሕፍቱ ፈቀቅ ሲሉ

አያቴ፣ አላህ ይማራቸውና፣ ሰው ተጣልቶ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ቁርአኑን፣ ቀጥሎ ሐዲሱን ይገልጡ ነበር። ከሁለቱም መልስ ካጡ አጎዛቸውን ከመጻሕፍቱ ፈቀቅ አድርገው ይቀመጡና፣ "ከዚህ ወዲያ የእኔ ሐሳብ ነው፤ ብሳሳት ስህተቱ የእኔ ነው" ይላሉ።

በጣሊያን ጊዜ አባታችን አርበኛ ሆኖ ጫካ ስለገባ ደብረ ማርቆስ ያለው ቤታችን የሚያድረው በፈትል ነበር። እኔም ታናሽ እህቴም እሳቸው ዘንድ ቁርአን መቅራት አማረን። እናታችን ግን አንዳችን እንድንፈትልላት ፈለገች። ተጣላንና ፊታቸው ቀረብን።

"አባባ፣ ታላቋ እኔ ነኝ!" አልኩ።

"ታላቅ ከሆንሽማ ለፈትሉም ቅደሚ!" አለች እህቴ።

ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ብዙ ገለጡ። ከዚያ አጎዛውን ፈቀቅ አደረጉት።

"ትልቋ ትፍተል፤ ትንሿ ትቅራ።"

ቀናሁ። እንዝርቴን እያሾርኩ ስትቀራ እሰማታለሁ፤ ስትሳሳት ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው።

ሊያርፉ ሰሞን ስታስታምማቸው የነበረችው እህቴ ናት። አንድ ቀን የተኙበትን አጎዛ ከመጻሕፍቱ ፈቀቅ እንድታደርግላቸው አዘዟት። "በእህትሽ የፈረድኩት ስህተት ነበር። በተራ ብትፈትሉ ሁለታችሁም ትቀሩ ነበር። ንገሪያት" አሏት።

ነገረችኝ። አጎዛው አሁንም መጻሕፍቱ አጠገብ ተነጥፏል፤ የሚቀመጥበት የለም። አያቴን ይቅር ብያቸዋለሁ። በእህቴ ግን ዛሬም እቀናለሁ፤ ለእኔ የተባለችውን ቃል እንኳ ከአፋቸው የሰማቻት እሷ ናት።