ሰባኪው ያለቀሱ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ሱሉልታ ላይ ከሚኒባስ ስወርድ አዲስ የታጨደ ሣር ሸተተኝና ኦቦ ቶለሳ ትዝ አሉኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት አንዱ ቅዱስ፣ ሌላው አሳች የሚላቸውን ሰባኪዎችና ፖለቲከኞች ታሪክ ስጽፍ ነው። "አትፈሪም?" ይሉኛል። እንዴት አልፈራም!

የመጀመሪያው ባለታሪኬ የሱሉልታው ሰባኪ አቶ ዘሪሁን ነበሩ። በደርግ ጊዜ ታስረዋል፤ ሲፈቱ ደግሞ ምዕመኑ በእሳቸው ጉዳይ ለሁለት ተከፈለ። ተከታዮቻቸው፣ "ሲታሰሩ እየዘመሩ ነው የሄዱት" ይሉ ነበር፤ እኔም እንደሰማሁት ጻፍኩ። ግን ያሳሰሯቸው የቀድሞ የቀበሌ ሊቀመንበር፣ ኦቦ ቶለሳ፣ ቡራዩ እንደሚኖሩ ስሰማ እሳቸውን ሳልጠይቅ ማሳተም ከበደኝ።

ረቂቁን በረንዳቸው ላይ አነበብኩላቸው። መዝሙሩ ጋ ስደርስ ከወንበራቸው ተነሡ።

"ውሸት ነው! ተነሺ፣ እንሂድ።"

"የት?"

"እሱ ጋ ነዋ!"

ሁለቱ ከእስሩ ወዲህ ተያይተው አያውቁም ነበር። እንጦጦን አልፈን የሱሉልታ ሜዳ ከነሣር ክምሩ ብቅ ሲል ቁጣቸው በረደ።

"ቢያባርረኝስ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

አቶ ዘሪሁን በራቸው ላይ ቆመው ትክ ብለው አዩአቸው። "አካም ጅርታ፣ ቶለሳ። ግባ።"

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ጭኮና እርጎ አቀረቡ። ማንም አልነካውም።

"ያን ቀን ዘምረሃል?" አሉ ኦቦ ቶለሳ። "ልጅህን አቅፈህ ስታለቅስ አልነበር?"

መጽሐፌ እዚያው ያበቃለት መሰለኝ።

"አልቅሻለሁ" አሉ አቶ ዘሪሁን። "አንተስ ፊትህን ወደ ግድግዳ ያዞርከው ለምን ነበር?"

ኦቦ ቶለሳ አቀረቀሩ። "አይተኸኛል እንዴ?"

እትዬ አስካለ ሳቃቸው አመለጣቸው። "ይህን ሁሉ ዘመን 'ዘመርኩ' እያልክ!"

ሁላችንም ሳቅን፤ ጭኮውም ተበላ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ እየዘለሉ ሲከራከሩ ዋሉ። ስንለያይ አቶ ዘሪሁን፣ "ሁለታችንም አለቀስን ብለሽ ጻፊ" አሉኝ።

መጽሐፉ ሲወጣ ተከታዮቻቸው እየተቆጡ ቤታቸው ሄዱ። "ልጅቷ ስምዎን አጥፍታለች! እርስዎ አላለቀሱም!"

"እናንተ የት ሆናችሁ አያችሁ?" አሏቸው። "እኔ እዚያው ነበርኩ።"

ዛሬ ሁለቱም የሉም። ከእነሱ ወዲህ ግን ስለ ማንም ስጽፍ የባላንጣውን በር ሳላንኳኳ አልቀርም። ወዳጅ ብዙ ጊዜ የሚነግረኝ ያየውን ሳይሆን የተመኘውን ነው። ባለፈው ሳምንትም ሱሉልታ የሄድኩት አሁን ታሪካቸውን የምጽፍላቸውን ፖለቲከኛ አምርረው የሚጠሉ አንድ አዛውንት ፍለጋ ነው። "ስለዚያ ሰው ምንም የምነግርሽ የለም!" ብለው ደጃፋቸው ላይ ተቆጡኝ።

ከዚያ ወንበር ሳቡልኝ።