የእታለም ድፎ ዳቦ ለጌታ እራት

እታለም በሰው ገንዘብ ቀንታ አታውቅም፤ በሰው ባልም፣ በሰው ቤትም። ድፎዋን የነካባት ግን ወዮለት። ከፍራንክፈርት ሆቴሎች በአንዱ አልጋ ስታነጥፍ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስሟን ጠርቶ ያመሰገናት አለቃ የለም። የምትመሰገንበት ቦታ አንድ ብቻ ነው።

የእነ እታለም ጉባኤ አዳራሹን የሚከራየው ከጀርመን ሜቶዲስቶች ነው። እነሱ ኤርንተዳንክ በሚሉት የመከር ምስጋና እሑድ ሁለቱ ጉባኤዎች አብረው ያመልካሉ። ሰው ሁሉ ዱባውን፣ ፖሙን፣ ማሩን አምጥቶ መሠዊያው ላይ ይደረድራል። ከመሠዊያው ሥር ትልቅ ቅርጫት አለ፤ እዚያ የሚገባው ምግብ ከአምልኮ በኋላ ባንሆፍስፊርቴል በሚሉት የባቡር ጣቢያ ሰፈር ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ይሄዳል። ለጌታ እራት የሚቆረሰው ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእታለም ድፎ ነበር። ፓስተሯ ከፍ አድርጋ ስትቆርሰው እታለም ዓይኗን ጨፍና የምትጸልይ ትመስላለች። የት አባቷ! አንዱ ዓይኗ ክፍት ነው፤ ማን እያየ እንደሆነ ታያለች።

ዘንድሮ ቅዳሜ ዳቦዋን ይዛ ስትገባ መሠዊያው መሃል ሌላ ድፎ ተቀምጦ ጠበቃት። በኮባ ቅጠል የተጋገረ፣ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት፣ ኩፍ ያለ። እሷ ኮባ አጥታ በወረቀት ነበር የጋገረችው።

«የማን ነው?» አለችው ወለሉን የሚወለውለውን ገብሩን።

«የሰገን። ኩሽና ትታው ሄደች፤ እኔ ነኝ ያወጣሁት። ሲያምር አየሽው?»

ሰገን! ሃይም ከሚሉት የስደተኞች መጠለያ ወጥታ የራሷን ክፍል ካገኘች ወር ያልሞላት፣ አረጋውያን የምትንከባከብ ልጅ!

ገብሩ ባልዲውን ሊደፋ ሲወጣ እታለም ጊዜ አላጠፋችም። የሰገንን ድፎ ብድግ አድርጋ ቅርጫቱ ውስጥ፣ ከታሸገው ቶስት ሥር ሸጎጠችው። የራሷን መሃል ላይ አስቀመጠች። ለተራበ መስጠት ምን ነውር አለው ብላ ራሷን አጽናናች።

በማግስቱ ፓስተሯ እንደወትሮው የእታለምን ዳቦ ቆረሰች። ሰገን ከኋላ ወንበር ሆና ፈገግ አለች። ፈገግታዋ እታለምን አበገናት፤ መከፋት አልነበረባትም እንዴ?

ከአምልኮ በኋላ ቅርጫቱን ማድረስ የእታለምና የሰገን ተራ ሆነ። አንዱን እጀታ አንዷ፣ ሌላውን ሌላዋ ይዘው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ደረሱ። ሰገን ቶስቱን ማደል ስትጀምር ከሥሩ ድፎዋን አገኘችው።

«ጌታ ይመስገን! እትዬ፣ ገብሩ መሠዊያ ላይ አወጣሁት ሲለኝ እንዴት አዝኜ ነበር መሰለዎት። ለዚህ እኮ ነው የጋገርኩት። አምና በመጣሁ ሰሞን፣ እዚሁ ቆሜ፣ ከዚህ ቅርጫት ቶስት ደረሰኝ። እያለቀስኩ በላሁት፤ የቤት ዳቦ አማረኝ። የራሴ ምድጃ ሲኖረኝ የመጀመሪያው ድፎዬ እዚህ ይመጣል አልኩ። ማነው የመለሰልኝ?»

እታለም ዘጠኝ ዓመት ስትጋግር አንድም ቁራሽ እዚህ ጎዳና አልደረሰም። የተረፈውን እንኳ ጠቅልላ ፕሮይንገስሃይም ሰፈር ወዳለው ቤቷ ትመልሰው ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ልቤን አዩልኝ! ይባረኩልኝ፣ እትዬ!» ሰገን አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እታለም እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ምርቃቱ ጣማትና መልሳ ዘጋችው።

ብርድ ልብስ የተከናነበ ሽማግሌ ድፎውን በሁለት እጁ ተቀበለ። አሸተተው፣ ቆርሶ ለጎረቤቱ ሰጠው፣ ከዚያ እሱም ጎረሰ። የሚያየው መኖር አለመኖሩ ግድ አልሰጠውም። ሰገንም ቀና ብላ አላየችውም፤ ቶስቱን እያደለች ነበር።

እታለም ግን ዓይኗን ከሰውዬው አፍ መንቀል አቃታት። ምነው የሚበላው የኔ በሆነ እያለች፣ እዚያው ቆማ፣ አንጀቷ እስኪያር ቀናች።