«ሌባ ሆይ፣ አላህ ያይሃል»

ዋይፋያችን ሰሞኑን እንደ ኤሊ ቢያዘግምብኝ አንድ ጎረቤት እየሰረቀን ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሰውን ፊት ለፊት መሳደብ ስለማልወድ፣ ሌባው ስልኩን ሲከፍት አንብቦ እንዲያፍር የዋይፋዩን ስም ለመቀየር ወሰንኩ። አዳማ ያለችው ልጄ ሐያት በስልክ አስረዳችኝ።

«እማ፣ የላኩልሽን ቁጥር ስትጽፊ የራውተሩ ገጽ ይከፈታል። ስሙም የይለፍ ቃሉም አድሚን ነው።»

«አድሚን ደግሞ ማነው? የቤቴን ቁልፍ ማን አስያዘው?»

«እማ! የሁሉም ሰው ራውተር እንደዚያ ነው፤ የሚቀይረው የለም።»

ቢስሚላህ ብዬ ገባሁ። ስሙን «ሌባ ሆይ፣ አላህ ያይሃል» አልኩት። ወዲያው ኢንተርኔቱ ድርግም አለ። ሌባው ደንግጦ ነው ብዬ ሳቅሁ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ጎረቤታችን ሐጂ ላብ አጥምቋቸው መጡ።

«የሐያት እናት፣ ጉድ ሆንኩ! ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ዋይፋይ ፈልገው ስልካቸውን ሲከፍቱ፣ የእኔ ቤት ዋይፋይ ሌባ ብሎ ሰደባቸው! ተቀይመው ሊሄዱ ጫማቸውን እየፈለጉ ነው። ይህን ያደረገውን አላህ አሁኑኑ ያጋልጠው! አሚን በሉ እንጂ!»

ባለፈው ረመዳን እሳቸው ቤት ስናፈጥር ሐያት ስልኬን ከዋይፋያቸው ጋር ማገናኘቷ ትዝ አለኝ። ቀስ ብዬ ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ዞር አልኩ። የእኛ ራውተር ፍሪጁን ልሰካ ስል እንደነቀልኩት አቧራ ለብሶ ተኝቷል።

«አሚን» አልኩ፣ በጣም ቀስ ብዬ።