ልዑልሰገድ የቆረጣት ቁራጭ ሰዓት
ዲላ ላይ ፕሮግራም የሚጽፈው ልዑልሰገድ ጥንቁቅ ነው፤ የቡና መዝጋቢዎች ስልክ የሚልከውን "02:10-03:00" ሲያነብ ግን፣ የዓለም ሰዓት መነሻ ከሆነችው ግሪንዊች በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ መሆኑን የምትናገረው የኋለኛዋ ቁራጭ ጌጥ መስላው ይጥላታል። በዚህ ሰበብ የኮንጋ ቡና ማጠቢያ መዝጋቢዋ ወርቂቱ ከሌሊቱ ስምንት ከአሥር እሸት ቡና ተቀብላለች ተብሎ የማጠቢያው ኮሚቴ ሊያባርራት ተቀመጠ።

"ወንድሜ፣ በዚያ ሰዓት ቡና የሚያመጣልኝ ጅብ ነው?" ብላ ልዑልሰገድ ላይ አፈጠጠች። "ጠዋት ሁለት ከአሥር ነው የተቀበልኩት! ስልኬ በሀበሻ አቆጣጠር እንዲያሳየኝ ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሆነውን የብራዚልን ሰዓት ሞልቼበት ነው።"

ልዑልሰገድ የጣላትን ቁራጭ መልሶ ደስ ብሎት በጣቱ ቆጠረ፦ 02:10 ላይ ሦስት ሲደመር የግሪንዊች 05:10፣ ሌላ ሦስት ሲደመር የኢትዮጵያ 08:10፤ ይኸውም ጠዋት ሁለት ከአሥር። ስልኩ አልዋሸም!

ኮሚቴውም ስንብቱን ሰርዞ፣ "ሳያስፈቅዱ ብራዚል ሆነው በመሥራትዎ" የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፈላት።