የቀበሌው በር

በደርግ ጊዜ የእጅ ሥራ መምህርት ሆኜ ከወሎ መተማ ተመደብኩ። ሙቀቱ ልብስ ላይ ልብስ ሆኖ ይጣበቅብኛል። የትራክተር ነጂውም፣ ሰሊጥ ሊያጭድ የመጣው ቀን ሠራተኛም «ደገኛዋ» ይሉኛል። ገና ሳልለምደው አገሩ ሰለቸኝ።

ዓይኔን የሚያሳርፈው አንድ ነገር የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ነበር። ቤቱን ያሠራው ድሮ ከሱዳን ጋር ይነግድ የነበረ ሰው ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ትርፍ ቤት ተብሎ ሲወረስ ሚስቱ ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ቀሩ። ሰዉ በሱዳኖቹ አጠራር «ሀቦባ» ይላቸዋል፤ አያት ለማለት ነው። በሩ ባለ ሁለት ተካፋች ሲሆን ፊቱ በሙሉ ስምንት ማዕዘን ባላቸው ኮከቦች ተቀርጿል። አንዱ ኮከብ ካለቀበት መስመር ላይ ሌላው ይነሳል። ከላይ ጉበኑ ላይ ደግሞ እርስ በርሱ የተጠላለፈ የዐረብኛ ጽሑፍ አለ።

ኮከቡን አውቀዋለሁ። አባቴ ልጆች ሰብስበው ቁርኣን ያቀሩ፣ ያስተምሩ ነበር። ልጅ የቁርኣኑን አንድ ክፍል ሲጨርስ፣ በሚማርበት የእንጨት ሰሌዳ አናት ላይ ይህንኑ ኮከብ በቀለም ይስሉለታል። እኔ ሴት ነሽ ተብዬ ከወንዶቹ ኋላ ስለምቀመጥ የራሴ ሰሌዳም ኮከብም ኖሮኝ አያውቅም። የወንዶች ነገር ነው ብዬ ትቼው ነበር። መተማ ላይ፣ በማላውቀው ሰው በር ላይ ሳየው ግን የአገሬ ሰው መንገድ ላይ አግኝቶ በስሜ የጠራኝ መሰለኝ።

ሜይ ዴይ፣ የላብ አደሮች ቀን፣ ሲቃረብ የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችግሩ የያዘውን ነገር አለመልቀቁ ነው። ጽሕፈትሽ ያምራል ተብሏል አለና አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም ከነብሩሹ አስጨበጠኝ። በሩን ሙሉ በሙሉ ቀይ ቀብቼ በቢጫ መፈክር እንድጽፍበት ነው።

የጥንት ጥበብ ነው፣ ይበላሻል አልኩት። እሱን ያሳሰበው ግን የጉበኑ ጽሑፍ ነበር።

«ምን እንደሚል ማን ያውቃል? አድኃሪ ነገር ቢሆንስ?»

«አላነበቡትም እኮ፣ ጓድ።»

«ያላነበብኩት ስለሆነ ነው የሚያሰጋኝ» አለኝና ወደ ሌላ ባለጉዳይ ዞረ።

ሀቦባ ያግዙኛል ብዬ ጓሮ ሄድኩ። እሳቸው ጭራሽ ቀለም በመገኘቱ ደስ አላቸው። ባላቸው በየዓመቱ በሩን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይለቀልቁት እንደነበር፣ ከሞቱ ወዲህ ግን ምስጥ እንደገባው ነገሩኝ።

«ቀቢው ልጄ። ቀይም ይሁን አረንጓዴ፣ ብቻ ምስጡን ይከልክልልኝ።»

ምስጥ ከውስጥ እንደሚበላ፣ ቀለም እንደማያቆመው ባስረዳቸውም አልሰሙኝም። ለዚያ በር የምጨነቀው በከተማው እኔ ብቻ መሆኔ አንገበገበኝ።

ቢያንስ ጽሑፉን ልወቀው ብዬ ወንበር ላይ ወጥቼ የደረቀውን ዘይት በላምባና በጨርቅ ማሸት ጀመርኩ። ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ውረጂ እባላለሁ። ዘበኛው ምን ጠፋብሽ እያለ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ሊቀመንበሩም ገና አልቀባሽም ወይ ይላል። ከኋላ ተቀምጬም ቢሆን የተማርኩት ፊደል ጠቀመኝ። የተጠላለፈውን አንድ በአንድ ስፈታው፣ ይህን ለሠራው ሰው ዱዓ አድርጉለት ይላል። የሠሪው ስም የለም። ላምባው በክንዴ እየወረደ፣ ከታች አንዱ አሳልፊኝ እያለ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ቆሜ ዱዓ አደረግኩለት።

ትርጉሙን ለሊቀመንበሩ ነገርኩት።

«የሠራው ሰው ማለት ላብ አደር ነው» አለ። «እንደዚያ ከሆነ ይቆይ።»

በዚህ የሚያልቅ ከሆነ ያን ያህል ለምን እንዳደረቀኝ እስካሁን አይገባኝም። መፈክሩን ቀይ አቡጀዲ ላይ እንድጽፍ ተስማማን፤ ጻፍኩም። በበዓሉ ዋዜማ ብመጣ ሊቀመንበሩ አቡጀዲውን በሩ ላይ አስቸንክሮታል። ሚስማሮቹ አራት ኮከብ በስተዋል። ብናገረው፣ ጨርቅ ያለ ሚስማር አይቆምም አለኝ። በዓሉ ሲያልፍ ሚስማሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ሀቦባ ቀዳዳውን በሰም እየደፈኑ፣ ቀለም ብትቀቢው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ይሉኛል።

ኮከቡን ደጋግሜ ወረቀት ላይ ሣልኩትና ትምህርት ሲዘጋ ይዤው ወሎ ገባሁ። ለአባቴ ዘረጋሁላቸው። የት እንዳየሁት፣ ጽሑፉን እንዴት እንዳነበብኩት ተረክኩላቸው። ደስታቸውን ስጠብቅ እሳቸው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉ።

«ይቺ ማዕዘን ተጣማለች» አሉኝ።

ሙቀቱ ነው ብዬ አመካኘሁ። እሳቸው የሸምበቆ ብዕራቸውንና አንድ ባዶ ሰሌዳ አመጡ። ያን ክረምት ስንጨቃጨቅ ከረምን፤ እሳቸው የሣልኩትን ከሰሌዳው ያጥባሉ፣ እኔ እየተነጫነጭኩ እንደገና እሥላለሁ። መስከረም ላይ ስምንቱም ማዕዘን ቀና። አባቴ ሰሌዳውን ራሳቸው በጨርቅ ጠቅልለው ሻንጣዬ ውስጥ ከተቱት።